ቢራቢሮ ሰውን ትበድላለችን?

የሰው ልጅ በዙሪያው የሚያየውን ፍጥረት ሁሉ «ይጠቅመኛል»፥ «ይጎዳኛል» እያለ በሁለት ወገን መክፈል የቆየ ልማዱ ነው። በሬን ከጠቃሚዎቹ፥ ጅብን ከጎጂዎቹ ወገን አግብቶ ይኖራል፤ ከሁለቱም ያልገባለትን ግን መልኩን ብቻ አይቶ ያልፈዋል። ቢራቢሮም ከዚህ ከሦስተኛው ወገን እንደ ሆነች ብዙ ሰው ያስባል። በመስከረም ወር፥ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን በሸፈነ ጊዜ፥ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ኩሬ በደረቀበት ጭቃ ላይ ነጭና ቢጫ ቢራቢሮዎች ተሰብስበው እርጥበቱን ሲመጥጡ ያያል፤ እግሩ ሲቀርባቸውም ነፋስ እንዳነሣው የአበባ ቅጠል ብድግ ይላሉ። ይህን ያየ ሰው እነዚህ ፍጥረቶች ለማንም ክፉ ይሆናሉ ብሎ አይጠረጥርም።

ሆኖም ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም። ልጅ ቢራቢሮ ይዞ፥ ጣቶቹ በክንፍዋ ብናኝ ተለውሰው ወደ ቤት ቢገባ፥ እናቱም «በዚህ እጅህ ዓይንህን እንዳትነካ» ብላ ብትቆጣው፥ ፍርሃትዋ እውነት አለውን? ቢራቢሮ ሰውን ትጎዳለችን? ብትጎዳስ ጉዳትዋ በደል ይባላልን? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሕክምናና የእርሻ ዐዋቂዎች ይመልሱታል። ሁለተኛው ግን ስለ ፍርድ የሚጠይቅ ነውና ለእነርሱ ብቻ የሚተው አይደለም።

ስለ ሰው አካል የሆነ እንደ ሆነ መልሱ አጭር ነው። ቢራቢሮ የምትነክስበት ጥርስ፥ የምትወጋበትም መውጊያ የላትም። አፍዋ እንደ ክር የቀጠነ ቧንቧ ነው፤ ባልፈለገችው ጊዜ ትጠቀልለዋለች፥ አበባ ባገኘች ጊዜ ትዘረጋዋለች። በጣት ላይ የሚቀረውም ብናኝ መርዝ አይደለም፤ እንደ ቤት ክዳን ተደራርቦ ክንፍዋን የሚያለብሳት ጥቃቅን ቅርፊት ነው። ዓይን ቢገባ እንደ ማንኛውም ትቢያ ይቆረቁራል እንጂ አያሳውርም። ደረቱ የሚታፈንበት ሰው ብዙ ቢስብበት ሊያስለው ይችላል፤ ይህ ግን በአውድማ ላይ በጤፍ እብቅም የሚደርስ ነገር ነው። እናቲቱ ልጅዋን እጅህን ታጠብ ማለትዋ መልካም ነው፤ መፍራትዋ ግን ከልክ ያለፈ ነው።

በሌላው ዓለም ከዚህ የከፋ መኖሩ አይካድም። በደቡብ አሜሪካ፥ ከሆድዋ የሚረግፈው ጠጕር የሰውን ቆዳ የሚያሳክክና የሚያሳብጥ የሌሊት ቢራቢሮ አለች። በዚያው ክፍለ ዓለም፥ በብራዚል፥ ሎኖሚያ የሚባል አባጨጓሬ አለ፤ እርሱን የነካ ሰው ደሙ መርጋት አቅቶት እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። በኢትዮጵያ ያለው አባጨጓሬ እንዲህ ያለ ኃይል የለውም፤ ጠጕሩ በቆዳ ላይ ሲተከል ግን እንደ ሳማ ማቃጠሉን እረኛ ሁሉ ያውቃል። በአውሮፓ ደግሞ በጀርባዋ ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያላትን ትልቅ የሌሊት ቢራቢሮ ሕዝቡ የሞት መልእክተኛ ናት እያለ ሲፈራት ኖሯል። ይህች ቢራቢሮ በአፍሪካም አለች። ከንብ ቀፎ ገብታ ማር ትሰርቃለች፤ ሲይዝዋትም እንደ አይጥ ሲጥ ትላለች። ከማር ሌብነትዋ በቀር ግን የሚቈጠርባት ነገር የለም፤ በጀርባዋ ላይ ሞትን ያነበበው የተመልካቹ ፍርሃት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ቢራቢሮ ነጻ ናት ብሎ መዝገቡን መዝጋት በተቻለ ነበር። ነገር ግን ቢራቢሮ ልጅ አላት፤ ልጅዋም እርስዋን አይመስልም።

የከተማ ሰው ቢራቢሮን ያውቃል፥ ትሉን አያውቅም። ገበሬ ትሉን ያውቃል፤ ከሌሊት ቢራቢሮ እንደ ተወለደ ግን የማይነግረው ሰው ካለ ላያውቅ ይችላል፤ እናቲቱ የምትሠራው በጨለማ ነውና። በቡሬ፥ በወምበርማ፥ በጃቢ ጠህናን ወረዳ የበቆሎ ማሳ ውስጥ በነሐሴ ማለዳ የገባ ሰው ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፥ በበቆሎው ልብ ውስጥም እርጥብ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር ተከምሮ ያገኛል። ቅጠሉን ገለጥ ቢያደርገው፥ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጭ መስመር ያለበት ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ይህ መጤ ተምች የተባለው ነው። ጥንተ አገሩ አሜሪካ ነው። በ2008 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ከዚያም በበቆሎ አብቃይ አገሮች ሁሉ ተዳረሰ፥ ጎጃምም አልቀረለትም። ከእርሱ በፊት የነበረው የአገሩ ተምች ዝናብ ተከትሎ በመንጋ ይመጣና አንድ ሰሞን አጥፍቶ ይሄድ ነበር፤ አገዳ ቆርቁርም ከጥንት ጀምሮ በማሽላና በበቆሎ አገዳ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነው። የሁሉም እናት ግን አንድ ዓይነት ናት፤ ይኸውም በመብራት ዙሪያ የምትዞረው፥ ግራጫ ካባ የለበሰች፥ ሰው የእሳት እራት ብሎ የሰየማት የሌሊት ቢራቢሮ ናት። (ስምዋም የሚያስገርም ነው፤ ሰው የሰየማት በኑሮዋ ሳይሆን በአሟሟትዋ ነው።)

የመጤው ተምች እናት ዕድሜዋ ከሁለት ሳምንት ብዙ አያልፍም። በዚያች አጭር ጊዜ ከሺህ የሚበልጥ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሎችዋን መቶም ሁለት መቶም እያደረገች በቅጠል ላይ ታኖርና ከገዛ አካልዋ በነቀለችው ለስላሳ ጠጕር ትሸፍናቸዋለች። እንግዲህ የገበሬውን ልጆች የሚያስርብ ነገር የሚጀምረው ከዚህ የእናትነት ሥራ ነው። ትሎቹ ይፈለፈላሉ፥ ይበላሉ፥ ቦታ ሲጠብባቸው እርስ በርሳቸውም ይበላላሉ፤ ከጠገቡም በኋላ ወደ አፈር ወርደው ይተኛሉ። ይህን የመኝታ ጊዜ የእርሻ መምህራን ሙሽሬ ይሉታል። ከአፈሩም የምትወጣው በሌሊት አበባ ለአበባ እየዞረች ወለላ የምትጠጣ፥ በማንም ላይ ጥርስ የሌላት ፍጥረት ናት።

ነቢዩ ኢዮኤል የምድሪቱን ጥፋት ሲያለቅስ፥ በአማርኛው መጽሐፍ ከአራቱ አጥፊዎች በመጀመሪያ የተጠራው ተምች ነው። በወንጌልም በምድር የተከማቸ ሀብት ጠላት ሆኖ ከተጠቀሱት አንዱ ብል ነው፤ ብል ደግሞ የአንዲት ትንሽ የሌሊት ቢራቢሮ ልጅ ነው። ይህን የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የሐር መጎናጸፊያ ለብዙ ዓመት በሣጥን ተቀምጦ ለበዓል ሲወጣ እንደ ወንፊት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያን መጎናጸፊያ የፈተለው ማን ነው? ሐር የሚገኘው ከሌላዪቱ የሌሊት ቢራቢሮ ልጅ ነው። በኢትዮጵያም የጉሎ ቅጠል እየበላ ሐር የሚሰጥ ትል ይረባል። እንግዲህ አንዱ ትል ልብሰ ተክህኖውን ይሠራል፥ አንዱ ትል ይበላዋል፤ ሁለቱም የቢራቢሮ ወገን ልጆች ናቸው። «ቢራቢሮ ትጠቅማለች ወይስ ትጎዳለች?» ብሎ በአንድ ቃል መልስ መፈለግ «ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት የሐርን ትል አንሥቶ ነበር። ሴቶች ሐሩን ሲያጠነጥኑ የትሉን መለወጥ እያሰቡ ሥጋ በትንሣኤ ጊዜ የሚያገኘውን መለወጥ እንዲያምኑ መከራቸው። ቅዱሱ ከትሉ ተነሥቶ ወደ ክንፉ ተመለከተ፤ ፍጻሜውን ይዞ መጀመሪያውን አከበረ። ገበሬው ግን ከክንፉ ተነሥቶ ወደ ትሉ ይመለከታል፤ በእርሱ ዓይን የሌሊት ቢራቢሮ ሁሉ ነገ የሚመጣ ረኃብ ናት። ከሁለቱ አንዱን ስቷል ማለት አይቻልም። አንድ ፍጥረት በአንድ ዘመኑ ምሳሌ፥ በአንድ ዘመኑ መቅሠፍት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሰው ራሱን ሲመረምር የማያውቀው ነገር አይደለም።

በደል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በአንድ ወቅት በእውነተኛ ችሎት ፊት ቀርቦ ነበር። ዛሬ በፈረንሳይ ግዛት ውስጥ ባለው በሳቮይ ተራራማ አገር፥ ሳን ዡልያን በምትባል መንደር፥ በ1587 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የወይን ተክላቸውን ነቀዝ የጨረሰባቸው ሰዎች ነቀዞቹን በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ከሰሱ። ነቀዝ የጢንዚዛ እንጂ የቢራቢሮ ወገን አይደለም፤ ክርክሩ ግን ለተምችም የሚሆን ነው። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ለትሎቹ ጠበቃ ቆመላቸው። ከሳሾቹ እግዚአብሔር ሰውን በምድር እንስሳት ሁሉ ላይ እንዳሠለጠነው ጠቀሱ። የትሎቹ ጠበቃም ያንኑ የኦሪት ዘፍጥረትን መጀመሪያ ምዕራፍ ገልጦ፥ እንስሳት ከሰው በፊት ተፈጥረዋል፥ ለምለሙም ቡቃያ ሁሉ መብል እንዲሆናቸው ተሰጥቷቸዋል ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ከአንድ ገጽ ጠቀሱ፥ ሁለቱም አልዋሹም። በመጨረሻ የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው ለትሎቹ የሚሆን አንድ ቁራሽ መሬት ለመስጠት ተስማሙ፤ ጠበቃው ግን መሬቱ ጠፍ ነውና ደንበኞቼን አያጠግብም ብሎ እንቢ አለ። ፍርዱ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የመዝገቡን የመጨረሻ ቅጠል አይጥ ወይም ትል በልቶታል።

በዚህ ችሎት ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች ዛሬ የተረሳ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ከመግደል በፊት የሌላውን ወገን ቃል መስማት እንደሚገባ ያውቁ ነበር። ስሕተታቸው ሌላ ነው። እነርሱ የፈለጉት ወንጀለኛ ነው፤ ዕውቀት በሌለበት ግን ወንጀል የለም። በኦሪት ዘፀአት በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን በሬው ተዋጊ መሆኑን አስቀድሞ ካላወቀ ንጹሕ ነው፤ ዐውቆ ሳይጠብቀው ቢቀር ግን በደሉ ወደ እርሱ ይመለሳል። በሬው የሚጠፋው አጥፊ ስለ ሆነ ነው፤ በደለኛ ተብሎ የሚጠየቀው የሚያውቀው ሰው ነው። እንግዲህ ቢራቢሮ ትጎዳለች፥ አትበድልም። ልጅዋም የተሰጠውን ቡቃያ በላ እንጂ የሰው ማሳ መሆኑን አላወቀም። እርስዋን ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ያሻገራት ነገር ሳይቀር፥ ብዙ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፥ የሰው የንግድ ጭነት ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ማለት ግን ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ከተማ ተቀምጦ፥ የገበሬውን በቆሎ በእሸቱም በቂጣውም እየበላ፥ ለትል ርኅራኄን የሚሰብክ ሰው ቢኖር ግብዝ ነው። አምስት ልጆች ያሉት፥ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት፥ ሁለት ጥማድ በቆሎ የዘራ ሰው ተምቹን ቢገድል ኃጢአት የለበትም። ልጆቹን ለማጉረስ ነውና ይገባዋል። ጥያቄው የሚጠነክረው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ በምን ይግደለው?

መጤው ተምች በመጣ ጊዜ በብዙ ቦታ ሕዝቡ ወደ ማሳ ወጥቶ ትሉን በእጁ ለቀመ፤ ሕፃናትና ሴቶችም ሳይቀሩ ለቀሙ። ሥራው አድካሚ ነው፥ በወንፈል ካልሆነ በአንድ ቤት ጉልበት አይዘለቅም። ነገር ግን የሚሞተው የታሰበው ብቻ ነው። መርዝ ግን እንዲህ አይደለም። መርዝ የተረጨበት ማሳ ላይ፥ ትሉ ካደገ በኋላ በበቆሎው ልብ ውስጥ በገዛ ኩሱ ተከድኖ ይቀመጣልና ብዙ ጊዜ አይደርሰውም፤ ንቢቱ ግን በላይ በበቆሎው ጽጌ ላይ ናት። ከማሳው ዳር ኑግ ወይም በርበሬ አብቦ እንደ ሆነም ነፋሱ መርዙን ወደዚያ ያደርሰዋል። በማግሥቱ የጎረቤቱ ቀፎ አፍ ላይ ንቦች ተዘርረው ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ተምቹን ሲያጠፉ ከተገኙት መካከል በትሉ አካል ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፤ መርዙ እነርሱንም ይጨርሳል፥ ለሚቀጥለው ክረምትም ተምቹ ጠላት አልባ ሆኖ ይጠብቃል። መርዙ የተሸጠበት ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ሲቀዳበት መገኘቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቢራቢሮን ዓይን ታጠፋለች ብሎ የሚፈራ ቤት ይህን ሳይፈራ ይኖራል።

ገበሬው ሊመልስ የሚችለው መልስ ይታወቃል። «ንቢቱ የጎረቤቴ ናት፥ ረኃቡ ግን የኔ ነው» ይላል። ይህ ቃል ከባድ ነው፥ በቀላሉም አይመለስም። ሆኖም ያው የኦሪት መጽሐፍ፥ እሳት ለኩሶ እሳቱ ወደ ሌላው ሰው እህል የተሻገረበት ሰው እንዲከፍል ያዝዛል። ሕጉ እሳት አትለኩስ አላለም፤ ገበሬ ቃርሚያውን ማቃጠል እንደሚያስፈልገው ያውቃል። የጠየቀው ድንበሩን ነው። ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው። ከማሩ ጋር ሰሙ አለ፤ ከሰሙ ጧፉ ይሠራል፤ ጧፉ በቅዳሴና በማሕሌት ይበራል። ቀፎው የጎረቤቱ ቢሆንም የሰሙ ብርሃን ገበሬው ራሱ ቆሞ በሚያስቀድስበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ንብ የሌላው ናት የሚለው ቃል እስከዚህ ድረስ ሲከተሉት የሚጸና አይደለም።

ደግሞም ሁለቱን አንድ ላይ ማዳን የሚቻልበት ጊዜ አለ። ንብ በቀን ትሠራለች፥ ሲመሽ ወደ ቀፎዋ ትገባለች። ተምቹ ደግሞ ሲመሽና ሲነጋ ከተሸሸገበት ወጣ ይላል። ስለዚህ መርጨት ግድ የሆነበት ሰው፥ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፥ አበባው ሳይፈነዳ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላና ነፋሱ ጸጥ ባለ ጊዜ ቢረጭ ጉዳቱ ብዙ ይቀንሳል። ይህን የእርሻ ሠራተኞች ያስተምራሉ። የሚጎድለው ትምህርቱ ሳይሆን አንዱ ለአንዱ መንገሩ ነው፤ የሚረጨው ሰው ለጎረቤቱ አይነግረውም፥ ጎረቤቱም ንቦቹ ከሞቱ በኋላ ይሰማል፥ ከዚያም ነገሩ ወደ ጠብና ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም፥ የሰላም መንገድ፥ ተብላ በተሰየመችበት አገር ጎረቤት ከጎረቤት በንብ ምክንያት ሲካሰስ ማየት ያሳዝናል።

የገጠር ደብር ካህን ከቅዳሴ በኋላ የጠፋ በሬ፥ የለቅሶና የደቦ ቀን ሲናገር ሕዝቡ ይሰማዋል። የእገሌ ማሳ ማክሰኞ ማታ ይረጫል ብሎ ለመናገር የሚፈጅበት ጊዜ ከዚያ አይበልጥም። ማክሰኞ ሲመሽ ቀፎ ያለው ሰው ንቦቹ መግባታቸውን አይቶ፥ እንዳይታፈኑ ሣሩን ሳሳ አድርጎ፥ የቀፎውን አፍ ይወትፋል፤ ረቡዕም እስኪረፍድ ድረስ አይከፍተውም።